በክረምት ያልተለካ ወንዝ

ባሕርን ጸጥ ባለ ቀን ብቻ የለካ ሰው ባሕርን አውቃለሁ ሊል አይችልም። የማዕበል ኃይል የሚታወቀው ማዕበል በተነሣ ቀን ነውና፤ ይህን ለመረዳት የወደብ ሹምና ነጋዴ አስረጂ አያሻውም። ይኸው እውነት ከባሕር ርቆ በየብስም እንደሚሠራ ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

ከገዳሪፍ ወደ ገላባትና ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዶካ፣ ማሽላና ሰሊጥ በሚበቅልበት ጥቁር መሬት ላይ፣ በራሃድና በአትባራ ወንዞች መካከል ያለች ከተማ ናት። አትባራን በበጋ ያየ ሰው ወንዙ በኩሬ በኩሬ ተቆራርጦ ሲያገኘው ሊንቀው ይችላል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1861 በሰኔ ወር በዚሁ ወንዝ ታችኛው ክፍል ሰፍሮ ሳለ፣ በሌሊት እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። ሲነጋም ደረቅ የነበረው አሸዋ 500 ያርድ ያህል የሚሰፋ፣ ከ15 እስከ 20 ጫማ የሚጠልቅ ወንዝ ሆኖ ተገኘ። ቤከር ክረምቱን ሳይሸሽ በዚያው አገር በመቆየቱ፣ ግብፅን ያለማው ደለል ከኢትዮጵያ ደጋ እንደሚወርድ በዓይኑ አይቶ ለመመስከር በቃ።

አትባራ ከናይል ዓመታዊ ውኃ ከአሥር እጅ አንዱን እጅ ያህል ሲሰጥ፣ ከደለሉ ግን ሩቡን ያህል ያወርድ እንደ ነበረ ተገምቷል። ይህም ሸክም በጥቂት የክረምት ወራት የሚወርድ ነው። በእነዚያም ወራት ጥቁሩ ጭቃ የመኪና ጎማ ይይዛል፤ ግንድ የተሸከመ ጎርፍ ጀልባን ይገለብጣል። ለካኙ የፍሰት መለኪያውንና የናሙና ጠርሙሱን ወደ ውኃው ማውረድ የሚገባው ግን በዚያው ሰዓት ነው።

የደለሉ ኃይል በኻሽም ኤል ጊርባ ታይቷል። በ1964 የተፈጸመው ይህ ግድብ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ ታስቦ ሲሠራ፣ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ የማጠራቀሚያው ግማሽ ያህል በደለል ተሞላ። ጉዳቱም በመስኖው በሚኖረው ገበሬ ላይ ደረሰ።

ስለዚህ በጀት የሚመድብ ሹም የበጋውን መዝገብ ብቻ ተቀብሎ ሊረካ አይገባውም። ለክረምቱ ሠራተኛ ጽኑ ጀልባ፣ ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ የብረት ገመድ፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያና ረዳት ጓደኛ ይስጠው፤ ጎርፉ ከልክ ሲያልፍም ከውኃው እንዲወጣ ይዘዘው፤ ሕይወት የሚያህል ቁጥር የለምና። ነጋዴውም ለዚህ የሚወጣውን ገንዘብ እንደ ብክነት አይቁጠረው። ሰሊጡ የሚሻገርበት ድልድይ ቁመት የሚወሰነው በዚያ በጭቃ በተነከረ መዝገብ ነው።