ትምህርት ቤቱን የሚከስ ማነው? የሚፈርድስ ማነው?

ዳኛ ያለ ምስክር፥ ምስክርም ያለ ዳኛ ፍርድን ሊያቆሙ እንደማይችሉ በሕግ የሚኖር ሕዝብ ሁሉ ያውቀዋል። ስለ መንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዛሬ የሚነገረው ነገር ግን ምስክሩ ሁሉ ዳኛ፥ ተከሳሹም ሁሉ ከሳሽ የሆነበትን ሸንጎ ይመስላል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ቍጥር ወላጅ መምህሩን፥ መምህሩ ወላጁን፥ ተማሪው ፈታኙን፥ ሹሙም ሁሉን ይከሳል። ጩኸቱ ጥቂት ከቆየ በኋላ ልጆቹ ወደዚያው ክፍልና ወደዚያው ወንበር ይመለሳሉ፤ ክሱም ሳይፈረድ ለከርሞው ይቀመጣል።

የነገሩን ክብደት ቍጥሩ ይናገራል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ከየቤታቸው ወጥተው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በተፈተኑ ጊዜ፥ ከ896,520 ልጆች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ነው። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ከመቶ 8.4 ሆነ። መሻሻሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከመቶ ዘጠና አንዱ በወደቀበት ቤት ስለ መሻሻል ብቻ ማውራት፥ ጎተራው ተቃጥሎ ስለ ተረፈው ቍና እንደ መደሰት ይቈጠራል። ደግሞም በ2015 ዓ.ም. አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 ይበልጡ ነበር። በእነዚህ ቤቶች አንደኛ ወጥቶ የተሸለመ፥ በወላጆቹም ፊት የተጨበጨበለት ልጅ አልጠፋም፤ እርሱም ከሌሎቹ ጋራ ወደቀ። እንግዲህ ያ ልጅ ለአሥራ ሁለት ዓመት የተነገረው ምስጋና ሐሰት ነበር ማለት ነው። ለዚህ ሐሰት መልስ የሚሰጠው ማነው?

በዚህ ጥያቄ ላይ የሚከራከሩት ሰዎች ሁለት ወገን ናቸው። የፊተኞቹ፥ «ወላጅና ተማሪ ስለ ትምህርት ቤት ሊናገሩ አይገባም፤ ፊደል ያልቈጠረ አባት ስለ ሒሳብና ስለ ፊዚክስ ምን ያውቃል? ልጅስ መምህሩን በምን ሚዛን ይመዝነዋል?» ይላሉ። ይህ ነገር ሲሰሙት የሊቅ ቃል ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ባዶ ነው። ገበሬ የአንጥረኛን ሥራ አያውቅም፤ ብረቱ እንዴት እንደሚግል፥ እንዴትም እንደሚሳል ቢጠየቅ መልስ የለውም። ነገር ግን ማጭዱ አላጭድ ባለ ጊዜ ከአንጥረኛው ይልቅ እርሱ አስቀድሞ ያውቃል። እንዲሁም ልጅዋ አሥረኛ ክፍል ደርሶ የመድኃኒቱን ወረቀት ሊያነብላት ያቃተው እናት፥ ማጭዱ እንደ ደነዘ ለመመስከር ዲፕሎማ አያስፈልጋትም።

ተማሪስ መምህሩን አይመዝንም ያለው ማነው? የአገራችን የቅኔ ጉባኤ በምን ጸንቶ እንደ ኖረ ያስታውሷል። ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ቍራሽ እየለመነ ከአገር አገር የሚዞረው ተማሪ መምህሩን የሚመርጠው በገዛ እግሩ ነበር፤ ዛሬም በየጉባኤ ቤቱ እንዲሁ ነው። የዋሸራን መንገድ የፈለገ ወደ ዋሸራ፥ የጎንጅን የፈለገ ወደ ጎንጅ፥ የዋድላን የፈለገ ወደ ዋድላ ይሄዳል። ወንበሩ የተዘረጋለት፥ ነገር ግን ምስጢር የማያወጣ መምህር ቢኖር ተማሪዎቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ይሄዱበታል፤ ጉባኤውም ያለ አዋጅ ይፈታል። የተማሪው እግር እንዲህ ያለ ምስክር ነበር። የዛሬው የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ግን በሰፈሩ ተመድቧልና እግሩ ታስሯል፤ አባቱም ለግል ትምህርት ቤት የሚከፍለው የለውም። እግሩ የታሰረውን ልጅ አፉንም ዝጋ ማለት ግፍ ነው።

የኋለኞቹ ደግሞ ከዚህ ተነሥተው ወደ ሌላው ገደል ይገባሉ። «ወላጅና ተማሪ ያመሰገኑት ትምህርት ቤት መልካም ነው፤ የነቀፉት ክፉ ነው» ይላሉ። ወላጅና ተማሪ ሲያመሰግኑ ምን እንደሚያመሰግኑ ቢመረመር ግን የሚያሳፍር ነገር ይገኛል። በብዙ ተማሪ አፍ «ጥሩ አስተማሪ» የሚባለው ነጥብ የማይሰስተው፥ የቤት ሥራ የማያበዛው፥ በፈተና ቀን ዐይኑን ወደ መስኮት የሚመልሰው ነው፤ «ክፉ» የሚባለውም ኩረጃን የያዘ፥ ደብተር የፈተሸ፥ ዐርፍዶ የመጣውን በር ላይ ያቆመ ነው። በ2008 ዓ.ም. የአገር አቀፉ ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በየእጁ በተገኘ ጊዜና ፈተናው በተሰረዘ ጊዜ፥ ስለ ፈተናው መሰረዝ ያዘነው ሰው ብዙ ነበር፤ ስለ ልጁ ልብ መሰረቅ ያዘነው ግን ጥቂት ነበር። ልጁ ሰርቆ ቢያልፍ እልል የሚል፥ ሠርቶ ቢወድቅ የሚራገም ወላጅ ትምህርት ቤቱን ሊመዝን አይችልም፤ ሚዛኑን ራሱ አስቀድሞ ሰብሮታልና። ካህኑ ዔሊ ልጆቹን ባለ መገሠጹ የደረሰበትን የማያውቅ ካህን የለም፤ ነገር ግን የዔሊ ቤት ዛሬ በየሰፈሩ እንዳለ የሚያስተውለው ምን ያህል ነው?

ስለዚህ ምስክሩን መናቅም፥ ምስክሩን ዳኛ ማድረግም ሁለቱ አይጠቅሙም። የቅኔ መምህር የተማሪውን ቅኔ ሲሰማ ሁሉን አይቀበልም፤ ሁሉንም አይጥልም። ሰሙን ከወርቁ ይለያል፥ ቤቱ የጐደለውን ይሞላል፥ የተሰበረውን ያቃናል። የወላጅና የተማሪ ቃልም እንዲሁ ሊሰማ ይገባዋል፤ ከላይ የሚሰማው ክስ ሰሙ ነው፥ ወርቁ ግን ከታች አለ።

ወላጅ «መምህሩ አያስተምርም» ይላል። በአንዳንድ ስፍራ ቃሉ እንዳለ እውነት ነው፤ ወደ ክፍል ሳይገባ ደመወዙን የሚቀበል መምህር ወንጀለኛ ነውና ስሙ ሊሸፈን አይገባም። እህል ቢያንቅ በውኃ ይዋጣል፤ ውኃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል? በብዙ ስፍራ ግን ወርቁ ሌላ ነው። ተማሪው በዝቶ በፈረቃ በሚማርበት ቤት መምህሩ የልጆቹን ስም እንኳ ሳያውቅ ዓመቱ ያልፋል፤ ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለእንጀራ አልበቃ ብሎትም ከሰዓት በኋላ ሌላ ሥራ ያድራል። ማታ የደከመ ሰው ጧት እንዴት ያበራል? መምህሩን የሚነቅፍ ወላጅ፥ መምህሩን ያስራበውን በጀት ደግሞ ሊነቅፍ ይገባዋል።

ተማሪ «ፈተናው ካልተማርነው ወጣ» ይላል። ሰነፍ የሚደበቅበት ቃል መሆኑ አይካድም። ነገር ግን አዲሱ ሥርዐተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ወደየክፍሉ ሲገባ የመጽሐፍ እጥረት በብዙ ስፍራ ታይቷል፤ መጽሐፉን ሳያገኝ ከመጽሐፉ የተፈተነ ልጅ ሐሰተኛ ሊባል አይችልም። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናም ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ከገባ በኋላ ከውጭ የሚመዝነው የመጀመሪያው አገር አቀፍ ሚዛን የመጨረሻው ሆነ፤ ሕመሙ የሚታወቀው በሬሳው ላይ ነው።

ደግሞ «ቋንቋው አይገባንም» ይላሉ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ ግን ከዚያ በፊት ብዙውን ዘመን በአፍ መፍቻው ሲማር ኖሯል። ስለዚህ ያልገባውን ሸምድዶ ይናገራል፥ መምህሩም የተሸመደደውን ሰምቶ ነጥብ ይሰጣል። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ዳዊት ሲደግም የግእዙን ትርጓሜ ላያውቅ ይችላል፤ ይህ እውነት ነው፥ ስለዚህም ብዙ ሰው የአብነቱን ትምህርት ሽምደዳ እያለ ያቃልላል። ነገር ግን ንባብ ቤት መጨረሻ አልነበረም፤ ከንባብ በኋላ ቅኔ ቤት አለ፥ በዚያ ግሡ ይገሠሣል፥ ምስጢሩ ይፈታል፥ ተማሪው በየቀኑ የራሱን አዲስ ቃል በመምህሩ ፊት ይዞ ይቀርባል፤ የትናንቱን ወይም የባልንጀራውን ቅኔ ይዞ ቢመጣ ያፍራል። ሽምደዳን ከአብነት ትምህርት ወርሶ የሚባለው ዘመናዊው ትምህርት ቤት በንባብ ቤት ቀርቶ ወደ ቅኔ ቤት ያልተሻገረ ነው። የወረሰው ግማሹን ነው፤ ነቀፋው ግን ለሙሉው ይደርሳል።

መምህራንም በፈንታቸው «ወላጅ ልጁን አይጠይቅም» ይላሉ። አንዲት እናት ውጤት በተነገረ ማግሥት መጥታ፥ «ጌታዬ፥ ልጄ ለምን ወደቀ?» ብላ ብትጠይቅ፥ «እርስዎስ ዓመቱን ሙሉ መቼ መጥተው ያውቃሉ?» የሚል መልስ ይጠብቃታል። ብዙ ወላጅ በመስከረም ለምዝገባ፥ በክረምት ለልቅሶ ብቻ ይመጣልና ነቀፋው ይገባዋል፤ ሰነፍ ገበሬ በሰኔ ይሞታል እንደሚባለው ነው። ነገር ግን ቀኑን በጉልበት ሥራ የምትውል እናት ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት ሰዓት ልትመጣ አትችልም። በሯን በእሑድ የማትከፍትላት ትምህርት ቤት «አልመጣችም» ብላ ልትከሳት አይገባትም። በጦርነት ምክንያት ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፥ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ልጆችማ ከሁሉ የተለዩ ናቸው፤ በእነርሱ ውድቀት ላይ ወላጅንም ተማሪንም የሚከስ ሰው በተቃጠለ ቤት ፊት ቆሞ ባለቤቱን ስለ ጥርጊያው የሚቈጣ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አለ፥ እርሱም ይህን የሚያነቡትን ይነካል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ላይ አጥብቆ የሚፈርደው ብዙ ጊዜ ልጁን በዚያ የማያስተምረው የከተማ ሰው ነው። ጸሐፊው፥ ነጋዴው፥ የደብሩም አስተዳዳሪ ሳይቀር ልጁን ገንዘብ ከፍሎ በግል ትምህርት ቤት ያስገባና፥ «የመንግሥቱ ትምህርት ቤት አለቀለት» እያለ በየግብሩ ይናገራል። ልጁን ስለ አዳነ ሊነቀፍ አይገባም፤ አባት ነውና። ነገር ግን መናገር የሚያውቀው፥ ሹም የሚፈራው፥ ደብዳቤ መጻፍ የሚችለው ሰው ልጁን ይዞ በወጣ ጊዜ፥ በዚያ የቀረው የዘበኛውና የባልትና ሻጭዋ ልጅ ብቻ ነው። ለዚያ ልጅ ከድህነት መውጫ መሰላሉ አንድ ነው፤ እርሱም የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። መሰላሉ ሲነቃነቅ ከላይ ሆኖ የሚስቅ ሰው፥ እርሱ ራሱ ወይም አባቱ በዚያው መሰላል እንደ ወጣ ያስብ። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከድኻ ቤት ወጥቶ ለአገር የጠቀመው ስንት ነው?

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለወላጅና ለተማሪ «ትምህርት ቤቱን ትወዱታላችሁን?» ተብሎ ሊጠየቅ አይገባም፤ ይህ ጥያቄ የሚያመጣው ምስጋናና ስድብ ብቻ ነው። በዐይን የታየው ይጠየቅ። መምህሩ በዚህ ወር ስንት ቀን ወደ ክፍል ገባ? መጽሐፉ ለስንት ልጅ አንድ ደረሰ? ደብተሩ በመምህር እጅ ታርሟልን? ልጁ ስንት ቀን ቀረ? በቤቱስ ማታ ያነበበው መቼ ነው? ይህም ምስክርነት ሰብሉ ከጠፋ በኋላ በሐምሌ መሰብሰቡ ቀርቶ፥ ገና ሊታረም ሲቻል በኅዳርና በየካቲት ይሰብሰብ። የወላጆችና የመምህራን ኅብረት የሚባለው ለአጥርና ለመዋጮ ብቻ የሚጠራ መሆኑ ቀርቶ፥ ምስክርነቱ በፊቱ ይነበብ፤ የተከሰሰው መምህር መልሱን ይስጥ፥ በወላጅና በተማሪ ላይ የተገኘውም እንዲሁ ያለ ሐፍረት ይነገር። ሹሙም የመጽሐፉንና የደመወዙን ጉዳይ በዚያው ጉባኤ ይመልስ።

ካህናትስ? ስለ ጾምና ስለ በዓል በዐውደ ምሕረት እንደሚያሳስቡ፥ የትምህርት ቤቱን ጉባኤ ቀን ማሳሰብ ይከብዳቸዋልን? ብዙ ሰበካ ከሰዓት በኋላ ባዶውን የሚውል አዳራሽ አለው፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም ትምህርታቸውን የጨረሱ ወጣቶች አሉ። አዳራሹ ቢከፈት፥ መብራቱ ቢበራ፥ በቤቱ ማንበቢያ ስፍራ ለሌለው ልጅ ወንበር ቢሰጠው ወጪው ከአንድ ድግስ አይበልጥም። ቤተ ክርስቲያን በዚህች አገር ፊደልን ለልጅ ያስቈጠረች እናት ናት፤ እናትም ልጅዋ ወደ ሌላ ቤት ቢማር አልወለድሁትም አትልም።

የሚቀጥለው ውጤት በተነገረ ጊዜ ክሱ እንደ ገና ይሰማል። በዚያን ጊዜ የሚጮኸው ሁሉ አስቀድሞ በኅዳር የት እንደ ነበረ ይጠየቅ፤ መልስ ያለው ይናገር፥ መልስ የሌለው ግን ከከሳሹ ወንበር ወርዶ ከተከሳሾቹ ጋራ ይቁም።