ሬድዮና የደጋው ትምህርት ቤት

ለአገር ልጅ ዕውቀት የሚሰጥበት መሣሪያ ብዙ ነው። ከነዚህም መካከል ሬድዮ ዋጋው የረከሰ፣ ክብደቱ የቀለለ፣ ከመንገድና ከመብራት ርቆ ለሚኖር ሕዝብም ከሌሎቹ ይልቅ የሚስማማ መሆኑ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን መሣሪያ መኖሩ ብቻ ሥራውን እንደማይፈጽም በየትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ተቈልፎባቸው አቧራ የለበሱት ሬድዮዎች ይመሰክራሉ። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ፣ እንደ ቀየት ባለውም ከከተማ በራቀ ስፍራ፣ ይህ ነገር ዛሬ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም።

ምክንያቱን ለማስረዳት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሆነውን መቍጠር ይበቃል። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር የኮሮና ተላላፊ በሽታ ስለ ገባ የመላው ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር የሰሜኑ ጦርነት እስከ መንዝ ዘልቆ ሞላሌና መዘዞ የጦርነቱ ስፍራ ሆኑ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሥራቸውን አቋረጡ፤ ከክልሉም ልጆች በሚሊዮን የሚቈጠሩት ከትምህርት ገበታ ተለዩ። በ2012 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ትምህርቱ ሳይቋረጥበት ቀጥሎ ቢሆን ኖሮ በ2018 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል በሆነ ነበር። ከነዚህ ልጆች ስንቱ ዛሬ ስሙን አጥርቶ ይጽፋል? የጠፋውን ጊዜ በከፊል እንኳ ለመመለስ የሚያስችል መንገድ ካለ ተመርምሮ ሊያዝ ይገባል።

ሬድዮ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. በአቃቂ የቆመው ጣቢያ ሥራውን ሲጀምር የጠላት ጦር በወሰን ላይ ተሰልፎ ነበርና፣ ከመጀመሪያዎቹ አገልግሎቶቹ አንዱ የኢትዮጵያን አቤቱታ ለዓለም መንግሥታት ማሰማት ሆነ። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ የሬድዮው ሥራ እንደ ገና ተቋቋመ፤ ለትምህርት ቤት ያገለገለው ግን ቈይቶ ነው። በትምህርት ሚኒስቴር ሥር የትምህርት መገናኛ ብዙኃን እየተባለ የሚጠራው ክፍል በአዲስ አበባ ትምህርቱን እየቀረጸ፣ በየክፍለ ሀገሩ ባቆማቸው ትናንሽ የመካከለኛ ሞገድ ማሠራጫዎች ለየትምህርት ቤቱ ያሰማ ነበር። በ1971 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በተጀመረውና ኋላ እስከ 15 በደረሱ ቋንቋዎች በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ሬድዮ የበኩሉን ሠርቷል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ካዘዘ በኋላ ግን የሬድዮውም ትምህርት በየክልሉ ቋንቋ መዘጋጀት ስላለበት ሥራውም ወጪውም በዛ።

የመንዝ ሕዝብ ግን በጆሮ መማርን ከሬድዮ አልለመደም። በማማም በላሎም በጌራም ሬድዮ ከመሰማቱ እጅግ አስቀድሞ፣ ሕፃን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል ይቈጥር፣ ከግእዝ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ንባብም ወደ ቁም ንባብ ይሻገር ነበር። ጸሎቱን የሚይዘው በቃል ትምህርት ነው፤ መምህሩ ይላል፣ ልጁ ይቀበላል፣ ሲሳሳት ይመለሳል። የዜማው ተማሪ ድጓውን ከመጽሐፍ ቢያይም የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚያገኘው ከመምህሩ ጕሮሮ ነው። የቅኔው ተማሪማ ቤቱን የሚቈጥረው ያለ ብራናና ያለ ቀለም፣ በልቡ ነው። ስለዚህ በድምፅ ብቻ የሚሰጥ ትምህርት ለሰነፍ የሚመች የተዋረደ ነገር ነው የሚሉ ሰዎች፣ የአገሩን ሊቃውንት ያፈራውን ሥርዓት የረሱ ይመስላል።

ከየኔታ ወደ ሬድዮ በሚኬድበት ጊዜ ግን አንድ ታላቅ ነገር ይጐድላል። የኔታ ልጁን ይሰማዋል። ቃሉን ባጠፋ ጊዜ ወዲያው ያቀናዋል፤ ያንቀላፋውን ይቀሰቅሰዋል፤ ፈጥኖ የገባውንም ወደ ፊት ያሳልፈዋል። ሬድዮ ግን አፍ እንጂ ጆሮ የለውም። በትምህርት ቤት የተሞከረው የሬድዮ ትምህርት በብዙ ስፍራ ፍሬ ያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ተናጋሪው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያለ ማቋረጥ ሲያነብ፣ ልጆቹ ዐሥር ደቂቃ ያህል ያዳምጣሉ፤ ከዚያ በኋላ በመስኮት ይመለከታሉ።

ለዚህ ጕድለት መድኀኒት የሚሆን ዘዴ በ1960ዎቹ መጨረሻ በመካከለኛው አሜሪካ፣ በኒካራግዋ፣ ለሒሳብ ትምህርት ተሞክሯል። ከአሜሪካው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሊቃውንት ከአገሩ መምህራን ጋራ ሆነው ትምህርቱን ያዘጋጁት እንደ ንግግር ሳይሆን እንደ ጭውውት ነው። የሬድዮው ድምፅ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ፤ ከዚያ ሬድዮው ትክክለኛውን መልስ ይናገራል፣ ልጁም የራሱን መልስ ከሰማው ጋራ ያስተያያል። አንዳንድ ጊዜ ተነሡ፣ ጣታችሁን ቍጠሩ፣ በሰሌዳው ላይ ጻፉ ይላቸዋል። በዚህ ዐይነት የተማሩት ልጆች እንደ ወትሮው ከተማሩት በሒሳብ በልጠው ስለ ተገኙ፣ ዘዴው በኬንያ ለእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ ኋላም በዛምቢያ ትምህርት ቤት ላላገኙ ልጆች ሆነ፤ ለኢትዮጵያም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በዚሁ መንገድ ትምህርት ተዘጋጅቶ ነበር። በዛምቢያ ልጆቹን ሰብስቦ ሬድዮውን የሚከፍተው፣ ሰሌዳውንም የሚጽፈው ብዙ ጊዜ የተመረቀ መምህር ሳይሆን፣ ከመንደሩ የተመረጠ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ነው። ይህ ለመንዝ የሚጠቅም ምሳሌ ነው። ድምፁ እንዲህ ሆኖ ሲዘጋጅ ከየኔታ ቃል ትምህርት ጋራ ያለው መቀራረብ የሚያስደንቅ ነው፤ የኒካራግዋ ሊቃውንት ግን ስለ መንዝ ንባብ ቤት የሰሙ አይመስልም።

በደጋው አገር ግን ከትምህርቱ ዝግጅት በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ፤ ይኸውም ድምፁ ይደርሳል ወይ የሚለው ነው። የመንዝ አምባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር ከፍ ያለ ሲሆን፣ ዙሪያውን ጥልቅ ገደል ይከበዋል፤ በመርሐ ቤቴም በኩል የጀማ ወንዝ አገሩን ሰንጥቆ ይወርዳል። ኤፍ ኤም የሚባለው ሞገድ እንደ ብርሃን ጨረር ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ በማሠራጫው ምሰሶ ፊት ለፊት ላለው ሰው የጠራ ድምፅ ይሰጣል፤ ከተራራው ጀርባና ከገደሉ ሥር ላለው ግን አይደርስም። የመካከለኛው ሞገድ በቀን የምድሩን ገጽ ተከትሎ ስለሚሄድ ኮረብታ ብዙ አይከለክለውም፤ ሲመሽ ግን ከሰማይ የሚመለስ የሩቅ አገር ጣቢያ እየመጣ ይደባለቅበታል። አጭሩ ሞገድ እጅግ ሩቅ ቢደርስም ድምፁ አንድ ጊዜ ይጐላል፣ አንድ ጊዜ ይሰወራል፤ ለዜና ይበቃ ይሆናል፣ ፊደልን ከፊደል ለይቶ ለሚሰማ ሕፃን ግን አያስተማምንም። እንግዲህ በደብረ ብርሃን ጣቢያ አለ ተብሎ መላው ሰሜን ሸዋ ይሰማል ማለት አይቻልም። አንድ ሰው ሬድዮ በእጁ ይዞ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ቢዞርና የሚሰማበትንና የማይሰማበትን በመዝገብ ቢጽፍ፣ ሥራው የአንድ ወር ሥራ ነው፤ ጥቅሙ ግን ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

ድምፁ በማይደርስበት ስፍራ ነገሩ ተስፋ የሚቈረጥበት አይደለም። ትምህርቱን አስቀድሞ በሚሞሪ ካርድ ቀርጾ መላክ ይቻላል፤ ትንሹ ሬድዮም ካርዱን ተቀብሎ ያሰማል። ይህ መንገድ ሌላም ችግር ያቃልላል። ከጣቢያ የሚተላለፍ ትምህርት ሰዓቱን ጠብቆ የሚያልፍ ነው፤ የመንዝ ልጅ ግን ጧት በጎቹን አሰማርቶ፣ በኅዳርና በታኅሣሥም በአጨዳው ረድቶ የሚመጣ ነው፤ በገበያ ቀንም ክፍሉ ባዶ ይሆናል። የተቀረጸው ድምፅ ልጁን ይጠብቃል፤ የተላለፈው ግን አይጠብቀውም። ነገር ግን ካርድ ይጠፋል፣ ይበላሻል፣ ሌላም ዘፈን ይገለበጥበታል፤ ስለዚህ ሁለቱን መንገድ ማጣመር እንጂ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይገባም።

የማያስፈልገውን መንገድ በሚመለከት ግን ትምህርቱ በቅርብ አለ። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው፣ ሕዝቡ ፕላዝማ ብሎ የጠራው የቴሌቪዥን ትምህርት፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበትና በቅን አሳብ የተጀመረ ነበር። ዳሩ ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛና በፍጥነት የሚሄድ ስለ ነበረ ተማሪው ጽፎ ሳይጨርስ ሰሌዳው ይለወጥ ነበር፤ መብራት ከጠፋም የዚያ ቀን ትምህርት አብሮ ይጠፋል። ከሁሉ የከፋው ግን መምህሩ በገዛ ክፍሉ ውስጥ እንደ እንግዳ ከግድግዳ ተጠግቶ መቆሙ ነው። መምህሩን ረዳት ያደረገ መሣሪያ ሁሉ ዕድሜው አጭር ነው። የሬድዮ ትምህርት የሚያዘጋጁ ሰዎች ከድምፁ በፊትና በኋላ መምህሩ ምን እንደሚሠራ የሚያስረዳ መጽሐፍ አብረው ካላወጡ፣ ያው ስሕተት በርካሽ ዋጋ ይደገማል።

በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ የመጀመሪያ ደረጃው ትምህርት በሬድዮ፣ የሁለተኛ ደረጃው በቴሌቪዥን እንዲሰጥ ተደርጎ ነበር። አሳቡ ከምንም ይሻላል። ነገር ግን ያ ትምህርት የተላከው ወደ ክፍል ሳይሆን ወደ ቤት ነው፤ በገጠርም ሬድዮ ያለው ቤት ከሌለው ያንሳል፤ ያለውም ቢሆን የቤቱ ጌታ የሚከፍተው ለዜና ነው። ድኻ የሆነው ልጅ ሁለት ጊዜ ተጐዳ፤ አንደኛ ትምህርት ቤቱ ተዘጋበት፣ ሁለተኛ በምትኩ የተሰጠው አልደረሰውም። ለደጋው አገር የሚሻለው አንድ ሬድዮ ለአንድ ቤት ሳይሆን፣ አንድ ሬድዮ ሠላሳ ልጅ ለሚሰበሰብበት ስፍራ ነው።

ይህም ስፍራ የግድ የትምህርት ሚኒስቴር ሕንጻ መሆን የለበትም። ትምህርት ቤቱ በተጐዳበት ወይም መምህር በታጣበት ቀበሌ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ አለ፤ ልጆችን ጸጥ አድርጎ ማስቀመጥና ቃል ማስቀበል ከዕድሜው ሙሉ የለመደ የኔታም አይጠፋም። ካህናቱ ፈቃዳቸውን ቢሰጡ፣ የደብረ ብርሃን የመምህራን ኮሌጅም ትምህርቱን በአገሩ አነጋገርና በአገሩ ምሳሌ፣ በገብስና በበግ እየቈጠረ ቢቀርጽ፣ ሒሳቡም ንባቡም ለልጁ ባዕድ አይሆንበትም። የሚያስፈልገው ድፍረት ሬድዮውን የሰጠው ክፍል የባትሪ ድንጋዩን ጭምር እንዲያስብ ነው። ብዙ ሬድዮ የተገዛው በአንድ ጊዜ በጀት ነው፤ ድንጋዩ ግን በየወሩ ያልቃል፤ የሚገዛውም ማን እንደሆነ በደብዳቤ አልተጻፈም። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚመጣውን ዓመት በጀት ሲያዘጋጅ ይህን በአንድ መስመር ቢያገባው፣ ወይም በፀሐይ ኀይል የሚሠራውን ዐይነት ቢመርጥ፣ በዕቃ ቤት የተቈለፉት ሬድዮዎች ከመስከረም በፊት ሊከፈቱ ይችላሉ።