«ለለማጅ ይበቃዋል» አትበሉን!

«ገና ለማጅ አይደል? ርካሹን ግዛለት። ሲለምድ ደህናውን ይገዛል።»

ሎንግቦርድ ለመግዛት ያሰበ ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አያልፍም። ነገሩ ቁጠባ ይመስላል፤ ግን ስህተት ነው። መጥፎ ቦርድ ቢሰጡት የሚችለው የለመደ ሰው እንጂ ለማጅ አይደለም። የለመደው ጠጠር ሲያይ ክብደቱን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ቦርዱ ወደ አንድ ጎን ሲጎትተውም ያርመዋል። ለማጁ ግን ይወድቃል። ከወደቀ በኋላም «ይሄ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ቦርዱን አልጋ ሥር ይከተዋል። ያን ጊዜ የተቆጠበው ገንዘብ የት ገባ?

እስቲ ወደ ዕቃው እንምጣ። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ድረስ የስኬትቦርድ ጎማ ከሸክላ ወይም ከብረት ይሠራ ስለነበር አንዲት ጠጠር ቦርዱን ቀጥ አድርጋ ነጂውን ወደ ፊት ትወረውረው ነበር። ይህን የቀየረው ፍራንክ ናስዎርዚ የተባለ አሜሪካዊ ለገበያ ያቀረበው የፖሊዩሪቴን ጎማ ነው። ዛሬ በመጫወቻ መደርደሪያ ላይ የምናየው ደረቅ የፕላስቲክ ጎማ ልጆቻችንን ወደዚያ ዘመን ይመልሳቸዋል።

ስለዚህ ሥዕሉን ትታችሁ ጎማውን እዩ። ለጉዞ የሚሆን ጎማ ዲያሜትሩ ከ65 እስከ 75 ሚሊ ሜትር፣ ጥንካሬው ደግሞ ከ78ኤ እስከ 80ኤ ገደማ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጎማው ይለሰልሳል። 52 ሚሊ ሜትርና 99ኤ የሆነው ትንሽ ጎማ ለለሰለሰ ኮንክሪት የተሠራ በመሆኑ ሻካራ አስፋልት ላይ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ኮብልስቶን ላይ ግን የትኛውም አይሆንም፤ ወርዳችሁ ቦርዱን ተሸከሙት።

ቀጥሎ ጎማዎቹን የሚይዘው ትራክ ይመጣል። የግድ ብረት ይሁን፤ ፕላስቲክ ከሆነ ዕቃውን መልሱት። ወርዱ 180 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ይመረጣል። መሃሉ ላይ ያሉት ጎሚኒዎች ሲረገጡ ካልተጨመቁ ቦርዱ አይታጠፍም። መቆሚያው ተደራራቢ የሜፕል ወይም የቀርከሃ ጣውላ፣ ርዝመቱም ከ90 እስከ 105 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለለማጅ ይመቻል። ትራኩ ጣውላውን ሰንጥቆ የሚገባበት ዓይነት ደግሞ ወደ መሬት ዝቅ ስለሚል በእግር ለመግፋትም ለማቆምም ይቀላል።

«አቤክ 9» የሚል ጽሑፍ አያታላችሁ። አቤክ ኩሽኔታው ምን ያህል በልኩ እንደተሠራ የሚናገር መለኪያ እንጂ የፍጥነት ማረጋገጫ አይደለም። ኩሽኔታው ያው በብዙ ትንንሽ ማሽኖች ውስጥ ያለው 608 ነው፤ ቢበላሽ ይቀየራል። ዋናውን ገንዘብ እዚያ ላይ አታፍስሱ።

ዋጋውስ? አሜሪካ ውስጥ ከ60 እስከ 100 ዶላር ባለው ውስጥ ይህን ሁሉ የሚያሟላ ቦርድ ይገኛል። ከ200 ዶላር በታች ያለውን ሁሉ «ቆሻሻ» እያሉ ለማጁን የሚያሸማቅቁ ነጂዎችም ልክ አይደሉም። ሎድድና ላንድያችዝ ጥሩ ናቸው፤ ጎዳና ለመልመድ ግን ግዴታ አይደሉም። ጣውላው ያልተሰነጠቀ፣ ትራኩ ያልተጣመመ ያገለገለ ቦርድም ከአዲስ መጫወቻ ይሻላል።

አሁን ከውጭ ለምትልኩልን ወገኖች አንድ ቃል አለኝ። አብዛኛውን ጊዜ የምትመርጡት በሻንጣ ልክ ነው። ትልቅ ሻንጣ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ 1 ሜትር ቦርድ አይገባም። ስለዚህ 56 ሴንቲ ሜትሯን ትንሽዬ የፕላስቲክ ቦርድ ትወረውሩበታላችሁ። እሷ ደግሞ ለመቆም እጅግ አስቸጋሪዋ ናት! ብዙ አየር መንገዶች የአንድ ሻንጣ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ተደምሮ እስከ 158 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ይፈቅዳሉ። 1 ሜትር ቦርድ በካርቶን ሲታሸግ ከዚህ በታች ስለሚሆን እንደ አንድ ሻንጣ ይቆጠራል። ትራኩን በብሎን ፈትታችሁ ብትለዩት ደግሞ ይበልጥ ይቀላል።

እዚህ ያለነውም እንወቅበት። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ ሲመነዘር 1 ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የ30 ዶላር መጫወቻ ማለት ከ3,000 ብር በላይ ነው። በዚህ ዘመን አንድን ዕቃ ሁለቴ መግዛት የሀብታም ሥራ ነው።

በጀቱ ጠባብ ከሆነ ከሥዕሉ፣ ከስሙና ከአቤኩ ቀንሱ። ከጎማው፣ ከትራኩና ከራስ ቁሩ ግን አንድ ብር አትቀንሱ። የአዲስ አበባ ቁልቁለት ለማጅ ነው ብሎ አይምርም። መጀመሪያ ሜዳ ቦታ ላይ በእግር ማቆም ይለመድ፤ ቁልቁለቱ የትም አይሄድም።

ልጅ መጫወቻ ሲጠይቅ መጫወቻ ስጡት። ሰው የሚሸከም ነገር ሲጠይቅ ግን ሰው የሚሸከም ነገር ስጡት።

የማትስማሙ ካላችሁ መድረኩ ክፍት ነው፤ ከታች ጻፉ።