ጥሩር ጀግና አያደርግም

የዘመናችን ወጣት ስለ መጪው ዘመን ልብ ወለድ ሊጽፍ ወይም ሥዕል ሊሥል ሲነሣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ጀግናው ልብ ሳይሆን ስለ ጀግናው ብረት ነው። ደረቱን ጥይት በማይበሳው ጥሩር ይሸፍነዋል፤ በትከሻው ላይ መድፍ ይተክልለታል፤ በክንዱ ውስጥ ሰይፍ ይሸሽግለታል፤ ዓይኑን በቀይ መብራት ይተካዋል። ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ በወረቀቱ ጥግ ጥቂት ባዶ ቦታ ከተረፈ የጀግናውን ስም ይጽፍበታል። ስለ ጠባዩ፣ ስለ ወላጆቹ፣ ስለሚወደውና ስለሚፈራው ነገር ግን አንድ መስመር እንኳ አይገኝም። እኔ የምቃወመው ብረቱን አይደለም፤ የምቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው። ቤት ከጣራው አይጀመርም፤ ሰውም ከቆዳው አይጀመርም።

«ይህ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ምን ያስቈጣል?» የሚል አይጠፋም። ለዚህ ሰው የምመልስለት፣ ሰው በጨዋታው ያደነቀውን ነገር ኋላ በሥራው ይመኘዋል ብዬ ነው። «ጀግና ማለት የማይቈስል ነው» እያለ ያደገ ልጅ፣ ለአካለ መጠን ሲደርስ የቈሰለውን ሁሉ እንደ ተሸናፊ፣ የሚያለቅሰውን ሁሉ እንደ ደካማ መቍጠሩ አይቀርም። ስለዚህ ነገሩ የጨዋታ ነገር ብቻ አይደለም፤ ሰው ማለት ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በጨዋታ ልብስ ተሸፍኖ መጥቶብናል።

በመጀመሪያ የቃሉን ትርጕም እንመልከት። ሮቦት የሚለውን ቃል ለዓለም ያስተዋወቀው የቼክ ደራሲ ካሬል ቻፔክ በ1920 ባሳተመው ቴአትር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የቃሉ ሥር በቼክ ቋንቋ የግዴታ ሥራ፣ ገባር ለጌታው ያለ ደመወዝ የሚሠራው ሥራ ማለት ነው። በቴአትሩ ውስጥ ሰው ሠራሾቹ ፍጥረታት በፋብሪካ ተሠርተው ለርካሽ ጕልበት ይሸጣሉ፤ ቀጥሎም መሣሪያ እየታጠቁ ወታደር ይሆናሉ፤ በመጨረሻም በጌቶቻቸው ላይ ይነሣሉ። እንግዲህ ሮቦት የሚለው ስም ከመሠረቱ የኃይል ስም ሳይሆን የባርነት ስም ነው። ልጆቻችን የነጻነት አርማ አድርገው የሚሥሉት ገላ ስሙን ያገኘው ከገባር ትከሻ ነው። ይህን የሚያውቅ ሠዓሊ እርሳሱን ከማንሣቱ በፊት «ይህ ብረት የሚያገለግለው ማንን ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። ጕዳዩ ለሥነ ምግባር ሩቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ውሸት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከሂሳብ ነው። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሆነ የብረት ሰሌዳ 78 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የአንድ ዐዋቂ ሰው ቆዳ ቢዘረጋ ወደ 1.8 ካሬ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ አንድን ሰው በአንድ ሳንቲ ሜትር ብረት ለመሸፈን 140 ኪሎ ሊያሸክሙት ነው ማለት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ፈረሰኞች ይለብሱት የነበረው ሙሉ ጥሩር በአብዛኛው ከ20 እስከ 25 ኪሎ ነበር፤ በዚያም ክብደት እንኳ በ1415 በአዠንኩር ጦርነት ብዙ የፈረንሳይ መኳንንት ጭቃ ውስጥ እየተደነቃቀፉ ጥሩር ባልለበሱ የእንግሊዝ ቀስተኞች እጅ ወድቀዋል።

ገላውን ሲያገዝፉት ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ጋሊሌዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ የአንድ አካል ቁመት በ10 እጥፍ ሲያድግ የአጥንቱ ስፋት በ100 እጥፍ፣ ክብደቱ ግን በ1,000 እጥፍ ያድጋል። ቁመቱ 1.8 ሜትር፣ ክብደቱ 70 ኪሎ የሆነ ሰው በዚህ መጠን ቢያድግ ቁመቱ 18 ሜትር፣ ክብደቱ 70 ቶን ይሆናል። በ1979 በጃፓን ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ጉንዳም የሚባለው ዝነኛ ተዋጊ መኪና ቁመቱ 18 ሜትር ነው፤ ባዶ ክብደቱ ግን 43.4 ቶን ነው ተብሎ ተጽፎለታል። እንግዲህ ይህ በጽኑ ማዕድን ተለብጧል የተባለው ተዋጊ በቁመቱ ልክ ካደገ ከሥጋና ከደም የተሠራ ሰው ይቀላል ማለት ነው! ልብ ወለድ ይህን ያህል ነጻነት ቢኖረው አልከራከርም። ነገር ግን ልብ ወለዱን ያዩ ሰዎች በእውነተኛው ዓለም ሞክረውታል። የአሜሪካ ልዩ ዘመቻዎች ዕዝ ታሎስ የሚባል ብረት ለበስ የወታደር ልብስ ለመሥራት በ2013 ተነሥቶ ነበር፤ በ2019 ግን ሙሉው ልብስ እንደ ታሰበው ሊሆን እንዳልቻለ ታውቆ፣ ከጥናቱ የተገኙት ክፍሎች ለሌላ አገልግሎት እንዲውሉ ተደረገ። ክብደቱን የሚሸከም ሞተር፣ ሞተሩን የሚመግብ ኃይል፣ ኃይሉን የሚይዝ ባትሪ፣ ባትሪውን ደግሞ የሚሸከም ሌላ ብርታት ያስፈልጋል። ብርታት ሁሉ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን ያልጻፈ ሠዓሊ የሣለው ብርታትን ሳይሆን ምኞትን ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር ጀግንነት ነው። አይረን ማን የሚባለው ብረት ለበስ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1963 ነው። ታሪኩን በስም የሚያውቁ ብዙዎች ናቸው፤ መነሻውን ልብ ያሉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ቶኒ ስታርክ የጦር መሣሪያ እየሠራ የሚሸጥ ባለጸጋ ነው። በቬትናም ሳለ በፈንጂ ቈስሎ ይማረካል፤ የፈንጂው ስባሪ ወደ ልቡ እየተጠጋ ስለሆነ የሚሞትበት ቀን ቀርቧል። የደረቱ ብረት የተሠራው ጠላትን ለመምታት ብቻ ሳይሆን ልቡ መምታቱን እንዳያቆም ነው። ይህን ብረት አብሮት የሠራው ዪንሰን የሚባል ምርኮኛ ሽማግሌ ሊቅ ነው። ብረቱ ኃይል እስኪሞላ ድረስ ጊዜ ያስፈልግ ነበር፤ ወታደሮቹ ደግሞ እየመጡ ነው። ሽማግሌው ያን ጊዜ ባዶ እጁን ወደ ወታደሮቹ ሮጠ፤ በጥይትም ወደቀ፤ ባገኘው ጥቂት ደቂቃ ሌላው ሰው ዳነ።

እንግዲህ ፍረድ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ! በዚያ ቀን ከሁለቱ ጀግናው ማን ነበር? ብረት የለበሰው ነው ወይስ ሸሚዝ ብቻ የለበሰው? በየሱቁ የሚሸጠው አሻንጉሊት የማንን መልክ እንደ ያዘ ሁላችንም እናውቃለን። ስለ ሽማግሌው ግን ማንም አልጨነቀውም፤ የሚያብረቀርቅ ነገር የለውማ!

ይህ ፍርድ አዲስ አይደለም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ የጎልያድ ጥሩር 5,000 ሰቅል ናስ፣ የጦሩም ብረት 600 ሰቅል እንደ ነበር በዝርዝር ተመዝግቧል። ንጉሥ ሳኦል ለዳዊት የራሱን ጥሩርና የራስ ቍር አለበሰው፤ ዳዊት ግን በእርሱ መሄድ እንዳልለመደ ተናግሮ አወለቀውና በወንጭፍና በአምስት ድንጋይ ወረደ። የብረቱ ሚዛን በጥንቃቄ የተጻፈለት ሰው ከሁለቱ የወደቀው ነው።

አራተኛው ነገር ትእዛዝ ነው። በ1987 የወጣው ሮቦኮፕ የተባለው ሲኒማ፣ አዘጋጁ ፖል ቨርሆቨን፣ ይህን ነገር ከብዙ ስብከት ይልቅ አጕልቶ ያሳያል። መርፊ የሚባለው የዲትሮይት ፖሊስ በወንበዴዎች ይገደላል፤ አንድ ትልቅ ኩባንያ ሬሳውን ወስዶ ብረት ያለብሰዋል፤ ሕዝብን እንዲያገለግል፣ ንጹሑን እንዲጠብቅ፣ ሕግን እንዲያስከብር ሦስት ትእዛዛት ይሰጡታል። አራተኛው ትእዛዝ ግን ስውር ነው፤ ከኩባንያው ሹማምንት አንዱን ሊይዝ ቢነሣ ገላው ራሱ ይከዳዋል። ወንበዴው ሁሉ ያልቻለውን ያን ክንድ አንድ የተደበቀ መስመር ጽሑፍ አሰረው። ጥይት የማይበሳው ጥሩር ባለቤቱ እንደ ፈለገ የሚቈልፈው ወህኒ ቤት ሆኖ ተገኘ።

በዚሁ ሲኒማ ውስጥ ሌላ ብረት አለ፤ ሰው የሌለበት ፍጹም ተዋጊ መኪና ነው። በተመረቀበት ቀን ሽጉጡን መሬት ላይ የጣለውን የኩባንያውን ሠራተኛ ተኵሶ ገደለው፤ ሹሙም ነገሩን እንደ ትንሽ ጕድለት ሊያልፈው ሞከረ። ይኸው አስፈሪ መኪና ኋላ ደረጃ መውረድ አቅቶት ተንከባሎ ይወድቃል። መርፊን ግን ተመልካች የሚወደው ስለ ምንድን ነው? የብረት ልብሱን የነደፈው ሮብ ቦቲን አፉንና አገጩን ገልጦ ስለ ተወለት ነው። ከዚያ ሁሉ ብረት መካከል የሰው ነገር ሆኖ የሚታየው ያ ጥቂት ቆዳ ብቻ ነው። ተዋናዩ ፒተር ዌለርም ልብሱ ሲመጣለት አስቀድሞ ያጠናው እንቅስቃሴ አልሆን ብሎት፣ ቀስ ብሎ መራመድን እንደ አዲስ መማር ነበረበት። በፍጻሜውም ስሙን ሲጠይቁት የኩባንያውን ስያሜ ሳይሆን ሰው ሳለ ይጠራበት የነበረውን ስም ተናገረ። ታላቁ ድል ይህ ነበር እንጂ ተኵሱ አልነበረም።

አምስተኛው ነገር በብረቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ነው። ቀደም ብዬ የጠቀስሁትን ጉንዳም የሚነዳው አሙሮ ሬይ የ15 ዓመት ልጅ ነው። ወደ መኪናው የገባው ለክብር ሲል ሳይሆን መኖሪያው በጦር ስለ ተመታ ነው። አዘጋጁ ዮሺዩኪ ቶሚኖ የጻፈው የልጁን ፍርሃት፣ ድካምና ጸጸት ነበር። ታሪኩ በመጀመሪያ ጊዜ ብዙ ተመልካች ባለማግኘቱ ከታቀደለት አጥሮ በ43 ክፍል አለቀ፤ ከ1980 ጀምሮ ግን የመኪናው ሞዴል በፕላስቲክ እየተሠራ እጅግ ተሸጠ። ታሪኩ ስለ ልጁ ሐዘን ተናገረ፤ ገበያው ግን የልጁን ሐዘን ትቶ ብረቱን ሸጠ። የእኛም ወጣቶች የወረሱት ከታሪኩ ይልቅ የገበያውን ትምህርት መሆኑ ያሳዝናል።

ተቃዋሚዬ እዚህ ላይ ተነሥቶ «ደካማውን ከግፈኛ ለመጠበቅ ኃይል አያስፈልግምን?» ብሎ ይጠይቀኛል። ያስፈልጋል እንጂ! ጋሻ ያልያዘ ሁሉ ቅዱስ ነው አላልሁም። ነገር ግን ጋሻ የተሠራው ከኋላው ለሚቆመው ሰው ነው። ከኋላው ማንም የሌለበት፣ ባለቤቱን ብቻ የሚሸፍን ጋሻ ከፍርሃት በቀር ሌላ ስም የለውም። ጀግንነት የሚለካው አደጋውን በማወቅና አደጋውን በመቀበል ነው። ምንም የማይጐዳው ሰው ወደ እሳት ቢገባ ምን አስደናቂ ነገር አለው? ድንጋይም በእሳት ውስጥ ይቀመጣል።

ይህ ክርክር በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ቢሆን ዝም ባልሁ ነበር። ዛሬ ግን ሰው አልባ አውሮፕላን የሚያዝዝ ሰው ከሚገደለው ሰው በሺህ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊገድል ይችላል። የማይቈስለው ገላ በልብ ወለድ ከመሠራቱ ይልቅ በእውነት ተሠርቷል፤ እርሱም ጥሩር ሳይሆን ርቀት ነው። ይህን መሣሪያ ነገ የሚሠሩትና የሚያዝዙት ዛሬ በደብተራቸው ኅዳግ ላይ ብረት ለበስ ጀግና የሚሥሉ ልጆች ናቸው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም እንደ ተባለው፣ በቀይ መብራት ዓይን ብቻ ማየትን የለመደ ሰው ከታች የሚሮጠውን ሰው እንደ ነጥብ እንጂ እንደ ሰው አያየውም።

ስለዚህ፣ ወጣት ሆይ፣ እርሳስህን ጣል አልልህም። ሣል፤ ንደፍ፤ ጻፍ። ነገር ግን አንድ ሳንቲ ሜትር ብረት ከመለበጥህ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች መልስ። በውስጡ ያለው ማን ነው? እናቱ ምን ብላ ትጠራዋለች? ትእዛዙን የሚሰጠው ማን ነው? እምቢ ለማለትስ ይችላልን? ብርታቱ ምን ያስከፍለዋል? ከጋሻው ኋላ የቆመው ማን ነው? የቱ ቦታው ያመዋል? ለእነዚህ መልስ ካገኘህ ብረቱ በራሱ መልክ ይይዛል፤ የት መወፈር፣ የት መሳሳት፣ የት መገለጥ እንዳለበት ታውቃለህ። መልስ ካላገኘህ ግን መድፉን አሥር ብታደርገው፣ ጥሩሩን ክንድ ብታሳክለው፣ የሠራኸው ባዶ ሣጥን ነው።

ብረት ይዝጋል፤ ባትሪ ያልቃል፤ ከትናንቱ ጥሩር የሚወፍር ጥሩር ነገ ይሠራል። ሰው የሚታወሰው ግን በምን እንደ ተሸፈነ ሳይሆን ስለ ማን ብሎ እንደ ተገለጠ ነው።