የይለፍ ቃላችንን መልሱልን

እኛ “አንድ ትልቅ ፊደል ይጨምሩ” የተባልን ሰዎች ነን። ስንጨምር “ቁጥር ይጎድላል”፣ ቁጥሩን ስናስገባ “ልዩ ምልክት ያስፈልጋል”፣ ምልክቱን ስንከት “ይህ ምልክት አይፈቀድም” የተባልን። ይህን ሁሉ አልፈን በገባን በሦስተኛው ወር ደግሞ “የይለፍ ቃልዎ ጊዜው አልፏል፤ ከቀድሞው የማይመሳሰል ሌላ ይምረጡ” የሚል ትእዛዝ ይጠብቀናል። በባንክ መተግበሪያም፣ በዩኒቨርሲቲ ምዝገባም፣ በቪዛ ማመልከቻም ያው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ትእዛዝ እንቃወማለን።

ጥበቃን ጠልተን አይደለም። ደመወዛችን፣ የሕክምና ማስረጃችን፣ የልጆቻችን ፎቶ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል፤ እንዲጠበቅ ከማንም በላይ የምንሻው እኛው ነን። የምንቃወመው ሰውን እያስጨነቀ ሌባን የማያስቆም ሕግ ነው።

ሕጉ ደራሲ አለው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ብሔራዊ የስታንዳርድና የቴክኖሎጂ ተቋም ባልደረባ የነበረው ቢል ቡር አንድ መመሪያ ጻፈ። ፊደልን ከቁጥርና ከምልክት ማደባለቅ፣ በየጊዜው መቀየር የሚሉት ልማዶች ዓለምን ያዳረሱት በዋናነት ከዚያ ሰነድ ተነሥተው ነው። ቡር ጡረታ ከወጣ በኋላ በ2017 ለዎል ስትሪት ጆርናል ሲናገር ከጻፈው አብዛኛው እንደሚጸጽተው ገለጸ። ተቋሙም በዚያው ዓመት አቋሙን ለወጠ። ማይክሮሶፍት በ2019 የግዴታ ቅየራን ከዊንዶውስ የደኅንነት መነሻ ደንቡ አወጣ። በ2025 የወጣው የተቋሙ አዲስ እትም ደግሞ ምክሩን ወደ ክልከላ አሳደገው፦ የፊደልና የምልክት ቅንብር አይገደድ፣ መሰረቁ ካልታወቀ በቀር “ቀይሩ” አይባል፣ የይለፍ ቃል ብቻውን በር ሲጠብቅ ግን ከ15 ሆሄ አይነስ። ደራሲውም ተቋሙም የተዉትን ሕግ ብዙ መሥሪያ ቤቶች፣ የእኛዎቹም ጭምር፣ ዛሬም አጥብቀው ይዘውታል።

ለምን እንደማይሠራ የማያውቅ የለም። ሰው ሲገደድ የመጀመሪያውን ፊደል ትልቅ ያደርጋል፣ መጨረሻው ላይ 1 እና ቃለ አጋኖ ይሰካል፤ ቀይር ሲባል 1ን 2 ያደርጋል። ሌባውም ይህንን ያውቃል። የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጊዜያቸው ያለፈባቸውን የይለፍ ቃሎች መርምረው በ2010 ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ የቀድሞውን የያዘ ሰው ከአዲሶቹ 41 በመቶውን በሰከንዶች ውስጥ ያገኛል፤ ከአካውንቶቹም 17 በመቶውን ለመክፈት በአማካይ አምስት ሙከራ ይበቃው ነበር።

ርዝመት ግን ይሠራል፤ ሒሳቡም ቀላል ነው። በኪቦርድ ላይ ካሉት 94 የላቲን ፊደሎች፣ ቁጥሮችና ምልክቶች በዘፈቀደ ስምንት ብንመርጥ ወደ 6 ኳድሪሊዮን የሚሆን ቅንጅት ይገኛል። ከ26 ትናንሽ ፊደሎች ብቻ 16 ብንመርጥ ቅንጅቱ ከዚያ 7 ሚሊዮን ጊዜ ይበልጣል። አንድም ምልክት፣ አንድም ትልቅ ፊደል ሳይኖርበት። ስለዚህ ርዝመት ይፈቀድልን። “ከ12 ሆሄ አይበልጥ” የሚል ድረ ገጽ ምን እያደረገ እንደሆነ ያስረዳን፤ የይለፍ ቃልን በአግባቡ የሚያስቀምጥ ሥርዓት ጽሑፉን ወደማይፈታ አሻራ ቀይሮ ስለሚይዘው አምስት ሆሄም ሆነ ሃምሳ ለእሱ የሚይዘው ቦታ እኩል ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። በግዕዝ ፊደል ለሚያስብና ለሚጽፍ ሰው “ትልቅ ፊደል ይጨምሩ” ማለት “በሌላ ሰው ጽሕፈት ግባ” ማለት ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ስልካችን ያነበዋል፣ ኮምፒውተራችን ይጽፈዋል። ያ የአሜሪካ ተቋም ራሱ የዩኒኮድ ሆሄዎችና ክፍት ቦታ ተቀባይነት እንዲኖራቸው፣ እያንዳንዱም እንደ አንድ እንዲቆጠር ይመክራል። ሆኖም በአማርኛ የተጻፈ ሐረግ ስናስገባ “ትክክል ያልሆነ” የሚል ቀይ ጽሑፍ ይወጣል። የአማርኛ ገጽ ያላቸው አንዳንድ አገልግሎቶች እንኳ የይለፍ ቃል ሣጥኑ ላይ ሲደርሱ አማርኛ አይቀበሉም። ይህ ያበቃል።

የሚያስቸግር ነገር የለም አንልም። ፀሐይን አንዱ በ“ፀ” ሌላው በ“ጸ” ይጽፋታል፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ በድምፅ አንድ ናቸው፤ የሰው ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ላይኖር ይችላል። መፍትሔው ፊደሉን መከልከል ሊሆን አይገባም። የጻፍነውን እንድናይ የዓይን ምልክቷ ትኑር፣ ምርጫውም ለባለቤቱ ይተው።

እኛም የምንሠራው አለ። አርኖልድ ራይንሆልድ በ1995 ዳይስዌር የተባለ ዘዴ አወጣ፤ በ7,776 ቃላት ዝርዝር ላይ ዳይስ እየጣሉ ቃል መምረጥ ነው። የአማርኛውን ዝርዝር እናዘጋጃለን፦ አጫጭር፣ በአንድ መንገድ ብቻ የሚጻፉ፣ ሕፃንም አዛውንትም የሚያውቋቸው ቃላት። ድልድይ፣ ቀበሮ፣ ጥጥ። ለትግርኛም እንዲሁ ይሠራል፤ በላቲን ለሚጻፈው ለኦሮምኛም። በዳይስ የወጡ ስድስት ቃላትን አንድ እናት ሁለት ቀን ብትለማመድ ትይዛቸዋለች። ነገር ግን ከዳዊት መዝሙር፣ ከታወቀ ዘፈን አዝማች ወይም ከተረትና ምሳሌ አትምረጡ፤ ሌባውም ያው መጽሐፍ፣ ያው ዘፈን አለውና።

የዚህን ሕግ ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ኢንተርኔት ቤት ሄዶ አካውንቱን በሠራተኛው እጅ የሚያስከፍተው፣ ከዚያ በኋላ ምስጢሩ የሁለት ሰው የሚሆንበት ነው። ከቤይሩት ወይም ከዱባይ ተመልሳ የማረጋገጫ ኮዱ የሚላክበት ሲም ካርድ በዚያ አገር የቀረባት እህታችን ናት። አን አዳምስና አንጄላ ሳሲ በ1999 ተጠቃሚው ጠላት አይደለም ብለው የጻፉት በትክክል ስለዚህ ነበር፦ ሰው ሕጉን የሚጥሰው ሕጉ ሥራውን ሲያሰናክልበት ነው።

ጥበቃው የሚፈርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በእኛ በኩል አይደለም። በ2009 ሮክዩ ከተባለ ኩባንያ የወጡት 32 ሚሊዮን የይለፍ ቃሎች በግልጽ ጽሑፍ ተቀምጠው ነበር፤ የቱም ልዩ ምልክት ባለቤቱን ሊያድን አይችልም ነበር። የኋላው አጥር ፈርሶ ሳለ ባለቤቱን በር ላይ የሚፈትሽ ዘበኛ ማለት ይህ ነው። በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃችንን የሚይዝ ሁሉ የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት። ኃላፊነቱን ይወጣ፦ የይለፍ ቃሉን በአግባቡ ያስቀምጥ፣ ተደጋጋሚ ሙከራን ያግድ፣ ቀድሞ ወጥተው የታወቁትን አይቀበል፣ ከይለፍ ቃል ማስቀመጫ ቀድተን እንድንለጥፍ ይፍቀድ።

በይለፍ ቃል ፈንታ በስልክ የሚያስገባው ፓስኪ መጥቷል፣ ጥሩ ነው፤ ስልኩ የራሱ ብቻ የሆነ ሰው ይጠቀምበት። በአንድ ቤት አንድ ስልክ የሚጋሩ ሰዎች ግን የይለፍ ቃል ገና ለብዙ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል።

ፕሮግራመሮች፣ ብዙዎቻችሁ ወንድምና እህቶቻችን ናችሁ። ትልቅ ፊደልና ምልክት የሚጠይቀውን መስመር ሰርዙ፣ የሆሄ ጣሪያውን ከ64 በላይ አድርጉ፣ ፊደላችንን ተቀበሉ። አለቃችሁ “መመሪያው ነው” ካለ የ2025ቱን መመሪያ አሳዩት። አንባቢ ሆይ፣ አንቺም አንተም፣ ባንካችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፦ “የይለፍ ቃሌን በአማርኛ መጻፍ የማልችለው ለምንድን ነው?” መልስ እስኪሰጧችሁ ድረስ ደግማችሁ ጠይቁ።