«ማን አነሳኝ?»

እናቴ ለልቧ «ባትሪ» (እኛ ቤት ፔስሜከርን የምንጠራው እንዲህ ነው) በተገጠመላት በአምስተኛው ቀን ቡና እየጠጣን ሳለ ስቅታ ያዛት። ሲኒዋን አስቀምጣ «ማን ይሆን እንዲህ የሚያነሳኝ?» አለች። የአክስቶቼን ስም ጠራች፤ ውኃ ጠጣች፤ አልለቀቃትም። ስቅታው በያዛት በሦስተኛው ቀን ደረጃ ስትወጣ አዞራትና ግድግዳ ተደገፈች። ሐኪም ዘንድ የሄድነው ያኔ ነው።

ራጅ ስትነሳ የባትሪው ሽቦ ከቦታው ተንሸራቶ ተገኘ። ለልቧ የሚላከው የኤሌክትሪክ ምት ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ይነዝረው ነበር፤ ስቅታው ከዚያ ነው። «እማማ፣ ለምን ቀደም ብለው አልነገሩንም?» አላት ሐኪሙ። «ለስቅታ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ይኬዳል እንዴ?» አለችው። ሽቦው ወደ ቦታው ሲመለስ ስቅታውም ማዞሩም ተወ።

ለጠያቂ ሁሉ «ተመስገን፣ ደኅና ነኝ» ማለት የእናቴ ወግ ነው፤ አከብረዋለሁ። ሐኪም ፊት ግን ይጎዳታል። ባትሪው የተገጠመበት ቁስልም ከቀላ፣ ካበጠ፣ ፈሳሽ ካወጣ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ለሐኪም ሳይነገር ማደር የለበትም።

ዝም ያለችበት ሌላም ነገር ነበር። የቁስሉን ሕመም ፈርታ ባትሪው ባለበት በኩል ያለውን የግራ ክንዷን ከጎኗ አጣብቃ ከረመች። ለጥቂት ሳምንታት ክንድሽን ከትከሻ በላይ አታንሺ፣ ከባድ ዕቃም አትሸከሚ ነው የተባለችው፤ እሷ ግን ጭራሽ አላንቀሳቅስ አለች። ነጠላዋን እንኳ እኛ ነበርን የምናለብሳት። ቁስሉ ሽሮ ትከሻዋ ደረቀ። ያመማትን በጊዜው ብትነግረን ኖሮ ማስታገሻ ወስዳ ክንዷን ቀስ እያለች ባፍታታችው ነበር።

የእናቴ ዝምታ የመጀመሪያውን ባለ «ባትሪ» ያስታውሰኛል። በዓለም የመጀመሪያው ፔስሜከር በሰው አካል ውስጥ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1958 ስዊድን ውስጥ ነው። ታማሚው አርነ ላርሶን በቀን ብዙ ጊዜ ራሱን ይስት ነበር። ሐኪሙን ኦኬ ሴኒንግንና መሐንዲሱን ሩነ ኤልምክቪስትን መሣሪያውን እንዲሠሩለት የወተወተችው ባለቤቱ ኤልሰ ማሪ ናት። የመጀመሪያው መሣሪያ በሰዓታት ውስጥ ተበላሸ፤ እየተቀያየረለት ግን እስከ እ.ኤ.አ. 2001 ኖረ። እሱ መናገር ባቃተው ጊዜ አፍ የሆነችው ሚስቱ ነበረች።

እኛም ቤት እህቴ እናቴን የሚሰማትን የምንጽፍበት ደብተር ገዝታለች። እናቴ መጀመሪያ ላይ ተቆጣች፤ «እኔን ክስ ልትመሠርቱብኝ ነው?» ብላ። ትናንት ማታ ግን ከመኝታዋ ተጣራች፦ «ልጄ፣ ደብተሩን አምጪው። ልቤ ሁለቴ ድልቅ አለብኝ። ሰዓቱንም ጻፊው።»