የጃንጎን ግራ እጅ ተዉትና ቀኝ እጁን እዩ

ጊታር የምትጫወቱ ወዳጆቼና የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ላከራክራችሁ ነው።

የጂፕሲ ጃዝ ነገር በተነሳ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ጃንጎ ራይንሃርት ግራ እጅ ነው። እውነት ነው፣ በ1928 እ.ኤ.አ. የሚኖርበት የጋሪ ቤት ተቃጥሎ የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ክፉኛ ተጎድተዋል። ሶሎዎቹን በአብዛኛው የተጫወተው በቀሩት ሁለት ጣቶች ነው። ታሪኩ ይደንቃል። ግን መዘዝም አለው፤ "እሱማ ተሰጥኦ ነው" ብለን ጊታሩን ግድግዳ ላይ እንድንሰቅል ሰበብ ይሆነናል። እኔ የምለው፣ ያን ድምፅ የሚያወጣው ቀኝ እጅ ነው። ቀኝ እጅ ደግሞ ይሠለጥናል።

ጃንጎ ያደገው አኮርዲዮን በሚጮህባቸው የፓሪስ ጭፈራ ቤቶች ነው። በ1934 ከቫዮሊኒስቱ ስቴፋን ግራፔሊ ጋር የታወቀውን ኩዊንቴት ሲመሠርትም ጊታሩ መሰማት የነበረበት በራሱ ድምፅ ነው። ዘዴው የመጣው ከዚህ ችግር ነው። እጅ ብሪጁ ላይ አይደገፍም፤ አንጓው ጎበጥ ብሎ ይንሳፈፋል። ወደ ታች ስትመቱ ፒኩ ክሩን አልፎ ቀጣዩ ክር ላይ ያርፋል። ሥራውን የሚሠራው የእጅ ክብደት እንጂ ጡንቻ አይደለም። ፒኩም ወፈር ያለ ይሁን፤ ቀጭን ፒክ ይታጠፍና ድምፁን ይበላዋል። ኡድ ሲመታ ልብ ብላችሁ ካያችሁ ተመሳሳይ ነገር ታገኛላችሁ።

ሁለተኛው ሕግ፦ ክር በቀየራችሁ ቁጥር ወደ ታች ጀምሩ፤ የመጨረሻው ምታችሁ ወደ ታች ቢሆንም እንኳ። አንድ ክር ላይ ሦስት ኖታ ብትመቱ ታች፣ ላይ፣ ታች ይሆናል፤ ቀጣዩ ክርም በታች ይጀምራል። ወደ ቀጭኑ ክር ስትሄዱ ቀላል ነው፤ ፒኩ ቀድሞ እዚያ ተቀምጧል። ጣጣው ወደ ወፍራሙ ስትመለሱ ነው፤ እጅ ክሩን ዘሎ ነው የሚሄደው።

"ታች-ላይ እያፈራረቅን ብንመታ አይቀልም ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። ለኤሌክትሪክ ጊታር አዎ፣ ጉድለቱን አምፕሊፋየሩ ይሸፍንላችኋል። እዚህ ግን ዜማዎቹ የተሠሩት በዚያ እጅ ነው። በሌላ አመታት ስትጫወቷቸው ቃሉን ይዞ ዘዬውን እንደ መሳት ነው።

የሚያሳዝነኝ ግን ጥድፊያው ነው። ጎበዝ ልጆች ቪዲዮ አይተው በሳምንት ውስጥ በዚያ ፍጥነት ካልመታን ብለው፣ ክንዳቸው ሲታመም ጊታሩን እርግፍ አድርገው ሲተዉ አይቻለሁ። በዚህ መንገድ ያጣናቸው ልጆች ተሰጥኦ አልጎደላቸውም። የማኑሽ ልጆች እኮ ይህን የሚለምዱት ከአባትና ከአጎት ጎን ተቀምጠው፣ እያዩ፣ በዓመታት ነው።

ስለዚህ ሁለት ሳምንት ግራ እጃችሁን አሳርፉት። ባዶ ክር ብቻ፣ ሜትሮኖም 60 ላይ፣ በቀን 15 ደቂቃ። ካመማችሁ አቁሙ፤ ሕመም የጉብዝና ምልክት አይደለም። ፍጥነቱ ራሱ ይመጣል።

የማትስማሙ ካላችሁ ኮሜንት ላይ እንገናኝ። መልካም ልምምድ!